ለክራር፣ ለማሲንቆና ለበገና ሥራ ትንሽ ባንድሶው፦ 10 ኢንች ወይስ 14?

የጎተራው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዜማ መሣሪያ የምሠራባት ክፍል 3 በ4 ሜትር ናት። ተራ የቤት መስመር፣ 220 ቮልት እንጂ ሦስት ፌዝ የላትም። ከጂግሶውና ከእጅ መጋዝ የሚገላግለኝ ባንድሶው (ቀለበት የሆነ ረጅም ምላጭ በሁለት መዘውር ላይ የሚዞርበት መጋዝ) ልገዛ ነው። በብዛት የምሠራው ክራርና ማሲንቆ ሲሆን በዓመት ሦስት አራት በገና ይጨመርበታል። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ለመቃኛና ለበርኩማ (አውታሩ ለሚያርፍበት ድልድይ) ወይራ።

በልክ ላስቀምጠው። ለማሲንቆ ከ40 ሚሊ ጣውላ 6 ሚሊ የሚሳሱ፣ 80 ሚሊ ስፋት ያላቸው አራት ግድግዳዎች። ለክራር 60 ሳንቲ ምሰሶ፣ ቀንበርና 25 ሳንቲ ክብ። ለበገና 1 ሜትር ከ20 ምሰሶና ከአንድ ግንድ የሚወጣ 18 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ገበቴ (የድምፅ ሳጥን)።

ሦስት አማራጭ አለኝ፦
1. አዲስ 10 ኢንች፣ 220 ቮልት፣ 370 ዋት፣ የመቁረጫ ከፍታው 12 ሳንቲ።
2. ያገለገለ 14 ኢንች፣ አካሉ ጊዛ (ቀልጦ የፈሰሰ ብረት)፣ 750 ዋት፣ ከፍታው 15 ሳንቲ።
3. ዘመድ ከአሜሪካ በኮንቴይነር ሊልክልኝ ያሰበው 14 ኢንች፣ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

የቱን ትመርጣላችሁ? 370 ዋትስ ይበቃል?


ኩሽኔታ፦

ልኩን ይዘህ መምጣትህ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። ባንድሶው ላይ ግን ዋት በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የመቁረጫ ከፍታ፣ ቀጥሎ አካሉ ምላጩን ምን ያህል ወጥሮ መያዝ ይችላል የሚለው፣ ከዚያ ነው ሞተሩ።

10 ኢንች፣ 14 ኢንች የሚባለው የመዘውሩ ዲያሜትር ነው። ጉሮሮው፣ ማለትም ከምላጩ እስከ ማሽኑ ምሰሶ ያለው ክፍተት፣ ከዚያ ትንሽ ያንሳል፤ በ10 ኢንች 24 ሳንቲ፣ በ14 ኢንች 34 ሳንቲ አካባቢ። ብዙ ሰው 25 ሳንቲ ክብ ለመቁረጥ ጉሮሮው ከዚያ መብለጥ አለበት ብሎ ያስባል፤ ልክ አይደለም። በመሐል ሚስማር ይዞ በሚዞር ማቀፊያ ከቆረጥክ ክቡ ያለው ከምላጩ ወደ ውጭ፣ ክፍት በሆነው በኩል ነው። ወደ ጉሮሮው የሚገባው ትራፊው ብቻ ነው። ስለዚህ ለክራሩ 10 ኢንች አያንስህም። ጉሮሮ የሚያስቸግርህ የበገናውን ረጅም ምሰሶ በቅርጽ ስትቆርጥ ነው፤ እንጨቱ ሲዞር ጫፉ ከማሽኑ ምሰሶ ጋር ይጋጫል።

ውጥረቱን በቁጥር እንየው። 13 ሚሊ ስፋትና 0.6 ሚሊ ውፍረት ያለው ምላጭ ጥርሱ ሲቀነስ 10 ሚሊ ያህል አካል ይቀረዋል፤ ስለዚህ 6 ካሬ ሚሊ። ቀጥ ብሎ እንዲቆርጥ በካሬ ሚሊ ቢያንስ 100 ኒውተን መወጠር አለበት። ምላጩ ሁለት ጎን ስላለው አካሉ የሚሸከመው 1200 ኒውተን ነው፤ ከአንድ ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። የ10 ኢንቹ ላሜራ አካል ይህን ሲሸከም ይታጠፋል፤ የላይኛው መዘውር ያዘነብላል፤ ምላጩም ከመስመሩ ይወጣል። የማሽኑ ወረቀት «እስከ 13 ሚሊ ምላጭ ይወስዳል» ይበል እንጂ የሚወስደው ለመሽከርከር ነው፤ ለመወጠር አይደለም። በ10 ኢንች ላይ ከ10 ሚሊ ስፋትና ከ0.5 ሚሊ ውፍረት አትለፍ።

ወፍራም ምላጭ ትንሽ መዘውር ላይ ቶሎ የሚበጠሰው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፣ ሁለት ጊዜ ይቃናል። መዘውሩ ባነሰ ቁጥር መታጠፉ ይከፋል፤ ስንጥቁም በጥርሶቹ መካከል ካለው ጎድጓዳ ይጀምራል። ምላጩ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ በእኩል ልዩነት ከሰማህ ስንጥቅ ወይም የተጣመመ ብየዳ ነው፤ ወዲያው አጥፋ።

የኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው፤ ግን ከመግዛትህ በፊት ይመርመር።


ሦስት ፌዝ፦

ስለ ሦስተኛው አማራጭ ብቻ ልናገር፤ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው።

ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በ60 ኸርዝ 1725 ዙር የሚዞር ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ 1430 አካባቢ ይዞራል፤ የምላጩ ፍጥነት በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ይህ ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው። ኸርዙ ወርዶ ቮልቱ ባለበት ከቀረ የሞተሩ ብረት በማግኔት ይጠግባል፣ ከልኩ በላይ አምፔር ይስባል፣ ባዶውን እየዞረም ይግላል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የ120 ቮልት ሞተር በ50 ኸርዝ የሚመቸው 100 ቮልት ላይ ነው። «115/230» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሞተር ወደ 230 ቀይሮ ሶኬት ላይ መሰካትም የቮልቱን ጣጣ ይፈታል እንጂ የኸርዙን አይፈታም። ይህ ሁሉ ስለ ኢንደክሽን ሞተር ነው። ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ለኸርዝ ግድ የለውም፤ 14 ኢንች ላይ ግን እሱን አታገኝም።

ዘመድህ ልላክ ካለ ሞተሩን አውልቆ አካሉን ብቻ ይላክ። ክብደቱም ይቀንሳል። እዚህ 0.75 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1400 ዙር የሆነ ዲናሞ ትገዛለህ። ሁለት ነገር አስተካክል። የአሜሪካኑ ሞተር ዘንግ 15.9 ሚሊ ነው፤ የዚህኛው ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ስለሆነ ፑሊውን ቶርኖ ቤት አስፋ ወይም አዲስ አስወጣ። ፍጥነቱን ለመመለስ ደግሞ የሞተሩን ፑሊ ዲያሜትር በ1.23 አባዛ፤ 60 ሚሊ የነበረውን 73 ወይም 74 አድርገው። ቺንጋውም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ለማንኛውም አማራጭ የሚሠራ፦ መስመራችሁ ማታ ወደ 180 ቮልት የሚወርድ ከሆነ የሞተር መነሻ ጉልበት በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሞተሩ እያጓራ ሳይነሳ ከቆመ ቶሎ አጥፋ፤ በዚያ ሁኔታ ጥቂት ሰከንድ ጠመዝማዛውን ለማቃጠል በቂ ነው። ኤክስቴንሽን ካስፈለገ 2.5 ካሬ ሚሊ ገመድ፣ ተጠቅልሎ ሳይሆን ተዘርግቶ። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ የብረት ማሽን አይሰካ።

ከሁሉም በላይ ማብሪያው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ መነሳት የለበትም። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚለቅ ማብሪያ አለ፤ ተመልሶ ሲመጣ ካልተጫነ አይነሳም። ያገለገሉት ማሽኖች አብዛኞቹ ተራ ማብሪያ ነው ያላቸው። መብራት ሄደ ብለህ ምላጩን ለመቀየር እጅህን ስታስገባ እንዳይመጣብህ፣ ቀይረው፤ እስክትቀይረው ሶኬቱን ንቀል።


ደጋን፦

ከኩሽኔታ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ለበገናው ገበቴ ሲባል ብቻ 14 ኢንች መግዛት ስህተት ነው፤ ምክንያቱም 14 ኢንቹም አይበቃውም! የተጠቀሰው ከፍታ 15 ሳንቲ ነው፤ ገበቴው 18። ይህን ማንም ልብ አላለም።

የጊዛ አካል ያላቸው 14 ኢንቾች መሐላቸው ላይ በቡሎን የተገጣጠሙ ከሆነ ማስረዘሚያ ብሎክ ይገባላቸዋል፤ ከፍታው ወደ 30 ሳንቲ ይደርሳል፣ ምላጩም ከ2375 ሚሊ ወደ 2667 ሚሊ ይረዝማል። ነገር ግን 18 ሳንቲ ዋንዛ በ750 ዋት መሰንጠቅ ይቻላል እንጂ ደስ አይልም፤ በጣም በዝግታ፣ በአዲስ ምላጭ። 370 ዋት ለዚህ አይታሰብም። ለ80 ሚሊው የማሲንቆ ግድግዳ ግን 370 ዋት ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።

እንግዲህ ገበቴውን ከአንድ ግንድ በመሮ ፈልፍለህ የምታወጣ ከሆነ ባንድሶው የሚጠቅምህ የውጭውን ቅርጽ ለማውጣት ብቻ ነው፤ ያንን በእጅ መጋዝና በመጥረቢያ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለህ። በዓመት አራት ግማሽ ቀን ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ከክፍልህ ሩቡን የሚይዝ ማሽን?

ሌላ መንገድ አለ፤ ገበቴውን በሁለት ንብርብር መሥራት። 9 ሳንቲ ውፍረት ያላቸው ሁለት ጉማጆች፣ ከአንድ ግንድ ተከታትለው የወጡ። የሁለቱንም ሆድ በባንድሶው ቆርጠህ ታወጣለህ፣ በኮላ ታጣብቃለህ፣ ከዚያ ወለሉን ለብቻ ትለጥፋለህ። ምላጩ ወደ ሆዱ ለመግባት ግድግዳውን አንድ ቦታ መሰንጠቅ ስላለበት የመግቢያው መስመር በማዕዘኑ ላይ፣ የእንጨቱ ጅማት በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። የምላጩ መንገድ 1 ሚሊ ያህል ነው፤ ዝም ብለህ በመቆንጠጫ ብትጨፍነው ግድግዳው ይወጠርና ቆይቶ ይከፈታል። ከዚያው እንጨት ስስ ቅጣይ ላግተህ በኮላ አስገባ። የሁለቱ ንብርብር ስንጥቅ አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይገጥም በተለያየ ማዕዘን አድርገው። ሁለቱም 9 ሳንቲ ናቸው፤ የ10 ኢንቹ 12 ሳንቲ ከፍታ ውስጥ ይገባሉ።


ዋንዛ፦

በገና ከአንድ ግንድ ካልሆነ በገና አይባልም የሚሉ ገዢዎች አሉ። ለማን እንደምትሸጠው አስብ።


ደጋን፦

እውነት ነው፤ ገዢው ጠይቆ ከሆነ ይነገረው፣ አይደበቅ። ቆዳው ሲለብስ ከላይ የሚታይ ነገር ስለሌለ ብዙዎች ሳይናገሩ ይሸጣሉ፤ ያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።


ሞረድ፦

ስለ ምላጭ ማንም ሳይናገር ይኼ ሁሉ ክርክር? መጥፎ ምላጭ የተገጠመበት ውድ ማሽን በጥሩ ምላጭ ከሚሠራ ርካሽ ማሽን ያንሳል።

ስፋቱ የሚወሰነው ልትዞርበት በምትፈልገው ክብ ነው። 3 ሚሊ ምላጭ እስከ 5 ሚሊ ራዲየስ ይዞራል፤ 6 ሚሊው እስከ 16፤ 10 ሚሊው እስከ 37፤ 13 ሚሊው እስከ 64። ከዚህ ያነሰ ክብ ውስጥ ብታስገድደው ምላጩ ይጠመዘዛል፣ ጀርባው እንጨቱን ያቃጥላል፣ ከጋይዱም (ምላጩን ከጎንና ከኋላ ከሚደግፈው) ይወጣል። ለቀንበሩና ለምሰሶው ቅርጽ 6 ሚሊ፣ ለመሰንጠቅ 10 ወይም (14 ኢንች ከገዛህ) 13 ሚሊ። በእነዚህ ሁለት ምላጮች ሥራህ ሁሉ ይሸፈናል። 3 ሚሊውን እርሳው፤ በየሳምንቱ ይበጠሳል።

የጥርስ ብዛት በኢንች ነው የሚቆጠረው። እንጨቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ3 ጥርስ ያላነሰ መኖር አለበት፤ ከ6 እስከ 12 ቢሆን ይመረጣል። 80 ሚሊ ግድግዳ በ3 ጥርስ ምላጭ ስትሰነጥቅ 9 ጥርስ ውስጥ ይኖራል፤ ልክ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ምላጭ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 14 ጥርስ ነው። 14 ጥርስ ከሆነ 44 ጥርስ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ብናኙ የሚሄድበት ያጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፣ ምላጩ ይግልና ወደ ጎን ይሸሻል። ሰዎች «ማሽኑ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም» የሚሉት ባብዛኛው ይህንን ነው። ያንን ምላጭ አትጣለው፤ ለወይራው መቃኛ አስቀምጠው። 12 ሚሊ ዘንግ ላይ 14 ጥርስ ጥሩ ነው።

ርዝመቱ ካልታወቀ፦ የመዘውሩን ዲያሜትር በ3.14 አባዛ፣ የሁለቱን መዘውር መሐል ለመሐል ርቀት እጥፍ ጨምርበት። የላይኛውን መዘውር የመወጠሪያው ጉዞ መካከል ላይ አድርገህ ለካ።

የተበጠሰ የካርቦን ብረት ምላጭ በብር ብየዳ ይቀጠላል። ሁለቱን ጫፍ ቀጥ አድርገህ ስትቆርጥ የጥርሱ ርቀት መገጣጠሚያው ላይ እንዳይዛባ አስላ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ግማሽ ዙር ጠምዝዘህ ሌላው ላይ አስተኛ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በሞረድ ወይም በድንጋይ አስልል፤ ስትመልሳቸው ማዕዘናቸው ራሱ ይገጥማል። መደራረቡ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ይሁን። የምላጩ ጀርባ ቀጥ ባለ ማዕዘን ብረት ላይ ተደግፎ ይታሰር፤ ጀርባው መስመሩን ከሳተ ምላጩ በየዙሩ ከኋላ የሚደግፈውን ኩሽኔታ ይመታል። ፍላክስ ቀባ፣ ስስ የብር ብየዳ በመካከል አስገባ፣ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ብቻ አሙቅ። ደምቆ ከቀላ ብረቱ ሲበርድ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ዙር ከብየዳው አጠገብ ይበጠሳል። በመጨረሻ የተረፈውን ብየዳ በሞረድ አስተካክል፤ ውፍረቱ ከምላጩ ከበለጠ ጋይዱ ውስጥ ሲያልፍ ይመታል።


የጎተራው ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአሜሪካውን ተውኩት። ሁለት ጥያቄ፦ (ሀ) ያገለገለውን 14 ኢንች ቅዳሜ ላየው ነው፤ ምን ምን ልመርምር? (ለ) አንድ ሰው የሥጋ ቤት አጥንት መቁረጫ ማሽን በርካሽ አለ፣ ባንድሶው ማለት እሱው ነው እያለኝ ነው።


ሞረድ፦

(ለ)ን እኔ ልመልስ። እሱው አይደለም። ምላጩ ሰፊ ነው፤ 16 ሚሊው ከ95 ሚሊ በታች ክብ አይዞርም። ጥርሱ ወደ ጎን የሚዘመው በጣም ትንሽ ስለሆነ ለአጥንትና ለበረዶ ሥጋ ይሆናል፤ እንጨት ውስጥ ይጣበቃል። ምላጩን ከግራና ከቀኝ አጥብቆ የሚይዝ ጋይድም የለውም። ይቅርብህ።


ኩሽኔታ፦

(ሀ) ስኳድራ፣ እርሳስና ሁለት ሦስት ባለ 1 ብር ሳንቲም ይዘህ ሂድ።

ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ምላጩ ወልቆ ጀምር። ሁለቱን መዘውሮች በእጅ አሽከርክር። ኩሽኔታው ካጉረመረመ ችግር የለም፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ስላለ በቀላሉ ይቀየራል፤ ዋጋ መቀነሻ ይሁንህ። እርሳስህን አካሉ ላይ ደግፈህ ጫፉን ወደ መዘውሩ ጠርዝ አስጠጋና አዙር። ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ በላይ የሚጠብና የሚሰፋ ከሆነ መዘውሩ ወይም ዘንጉ ተጣሟል። የመዘውሩን የጎማ ልባስ በጥፍር ጫን፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየራል፤ መሐሉ ከፍ ያለ ሆዱ ተበልቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ምላጩን መሐል ላይ ማቆየት አትችልም።

ከዚያ ምላጩን መልስና ወጥር። የመወጠሪያውን ሞላ (ስፕሪንግ) እይ፤ ጥቅሎቹ እርስ በርስ ተነካክተው ከሆነ ሞላው ሞቷል። የላይኛው መዘውር ሲወጠር ወደ አንድ ጎን ከተንጋደደና ማስተካከያው ቡሎን እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ካለቀ ማጠፊያው (መዘውሩን የሚይዘው ክፍል) ታጥፏል። እነዚህ ሁለቱ በ14 ኢንች ጊዛ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኙ በሽታዎች ናቸው፤ አንድ ሰው ምላጩን ወጥሮ ለዓመታት ሳያላላው ሲቀር የሚመጡ። ሞላው ይገዛል፣ ማጠፊያውም ቶርኖ ቤት ይሠራል። የማይሠራው የጊዛው ስንጥቅ ነው፤ የላይኛው ክንድ ከታችኛው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ቀለሙን ፋቅ አድርገህ ተመልከት። ብየዳ ያለበት ጊዛ ካየህ ጨዋታው አለቀ፤ አትደራደር።

የጋይዱን ዘንግ ከላይ እስከ ታች አውርደው፤ ምላጩና ጋይዱ መካከል ያለው ክፍተት የሚለዋወጥ ከሆነ ከፍታ በቀየርክ ቁጥር ጋይዱን እንደገና ማስተካከል ይኖርብሃል። የሚኖሩበት ችግር ነው፤ ግን እወቀው።

በመጨረሻ አስነሳው። ሳንቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ በጠርዛቸው አቁማቸው። ቆመው ከቀሩ በጣም ጥሩ፤ ሲነሳና ሲጠፋ ብቻ ከወደቁ ደህና፤ ሲሠራ ከወደቁ መንቀጥቀጡ ከየት እንደሆነ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ቦታውን ይዞ የደረቀ ቺንጋ ነው። ቺንጋውን አውልቀህ ሞተሩን ብቻ አስነሳ፤ ጸጥ ካለ ጥፋቱ ሞተሩ ላይ አይደለም።


ደጋን፦

የትኛውንም ብትገዛ ማስተካከያው አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይከበር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጋይዱን አስቀድሞ ነው።

ሁሉንም ጋይድ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም፣ ከምላጩ አርቅ። ምላጩን አግባ፣ ወጥር፣ በእጅ እያዞርክ የላይኛውን መዘውር አዘንብለህ መሐል ላይ አስኪደው። ውጥረቱን በማሽኑ ምልክት አትመን። 200 ሚሊ የሚከፈት ካሊፐር ካለህ ምላጩ ገና ሳይወጠር ሁለቱን መንጋጋ በትንንሽ መቆንጠጫ 200 ሚሊ ላይ እሰራቸውና ወጥር፤ 0.1 ሚሊ ሲከፈት ምላጩ በካሬ ሚሊ 100 ኒውተን ደርሷል። ካሊፐር ከሌለህ፣ ከጠረጴዛው በላይ 15 ሳንቲ የተጋለጠውን ምላጭ በአንድ ጣት ወደ ጎን ግፋው፤ ከ6 ሚሊ በላይ ከሄደ ላልቷል።

አሁን ጋይዱ። የጎን ጋይዶች ከምላጩ የአንድ ወረቀት ውፍረት፣ 0.1 ሚሊ ያህል ይራቁ፤ የፊት ጠርዛቸው ከጥርሱ ጎድጓዳ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። ጥርሱን ከነኩ በአንድ ደቂቃ ዝማሜውን (የጥርሱን ወደ ጎን መዝመም) ያጠፉታል። የኋላ ኩሽኔታው ግማሽ ሚሊ ይራቅ፤ ሳይቆርጥ መዞር የለበትም። የታችኛውን ጋይድ አትርሳ፤ ጠረጴዛ ሥር ስለሆነ አይታይም እንጂ የተጣመመ ቆረጣ ግማሹ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ስትሰነጥቅ ምላጩ በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ 50 ሳንቲ ትራፊ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምር፣ ያለ ፌንስ (እንጨቱ ተደግፎ የሚገፋበት ቀጥ ያለ መሪ) በእጅ ግማሹን ቁረጥ፣ አጥፋ፣ እንጨቱን ሳታንቀሳቅስ ማዕዘኑን ጠረጴዛው ላይ አስምር፤ ፌንሱን በዚያ አሰልፍ። ማዕዘኑ ትልቅ ከሆነ ግን ፌንሱን አታጣም፤ የአንዱ ጎን ጥርስ ደንዟል፣ ምላጩን ቀይር። የተሰነጠቀው ጣውላ መሐሉ ሆድ ካወጣ ሌላ በሽታ ነው፤ ውጥረቱ አንሷል ወይም ከምላጩ አቅም በላይ ገፍተሃል።

ለማሲንቆው ግድግዳ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 7 ሚሊ እየሰነጠቅህ 1 ሚሊውን ለመላጊያና ለብርጭቆ ወረቀት ተውለት። የምላጩ መንገድ 1.2 ሚሊ ቢሆን ከ40 ሚሊ ጣውላ 5 ግድግዳ ይወጣል፤ 39.8 ሚሊ፣ ጫፍ ላይ። 3 ሚሊ የሚበላ ሰርኩላር ሶው 4 ብቻ ያወጣል። ከእያንዳንዱ ቆረጣ በፊት የጣውላውን ፊት አንድ ጊዜ ላግ ከተባለ አምስተኛው አይደርስም፤ ስለዚህ ፌንስ የሚነካውን የመጀመሪያውን ፊት በደንብ አስተካክለህ ተከታትለህ ሰንጥቅ።

ክብ ነገር፣ ለምሳሌ ያልተጠረበ የወይራ ቅርንጫፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን አታስተኛ። ምላጩ ይነክሰውና ያሽከረክረዋል፤ ጣትህን ይዞ ይሄዳል፣ ምላጩንም ያጣምማል። ሸለቆ ያለው ማቀፊያ ሠርተህ በቪቲ እሰረው። የላይኛው ጋይድ ሁልጊዜ ከእንጨቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ብቻ ከፍ ይበል። ጓንት አይደረግም። ለትንንሾቹ የመቃኛ ዘንጎች የጠረጴዛው ቀዳዳ ሰፊ ስለሚሆን 4 ሚሊ ኮምፖርሳቶ ላይ ምላጩን ግማሽ ድረስ አስገባና ጠረጴዛው ላይ እሰረው፤ ዘንጉ ወደ ቀዳዳው አይገባም።

ሥራ ስትጨርስ ምላጩን አላላው፤ «ላልቷል» የሚል ወረቀት ማብሪያው ላይ ለጥፍ። ሳይወጠር ከተነሳ ይወልቃልና።


የጎተራው ልጅ፦

ቅዳሜ 14 ኢንቹ ጊዛው ከተሰነጠቀ ወይም መዘውሩ ከተጣመመ 10 ኢንቹን እገዛለሁ፤ ገበቴውን በንብርብር እሞክራለሁ። አንድ የቀረኝ፦ 14 ኢንቹ ደህና ከሆነ ማስረዘሚያ ብሎኩን አሁኑኑ ልፈልግ?


ኩሽኔታ፦

አሁን አይደለም። ብሎኩ ሲገባ አካሉ ይረዝማል፣ ግትርነቱ ይቀንሳል፤ ያሉህ የ2375 ምላጮችም ሁሉ አይሆኑም። መጀመሪያ ባለበት 15 ሳንቲ ማሲንቆውን ሰንጥቅበት። ብሎኩን የምትፈልግ ከሆነ ግን ከመግዛትህ በፊት ብሎኩን ከአካሉ ጋር የሚያሰልፉትን የሁለቱን ፒን ዲያሜትርና ርቀት ከማሽንህ ጋር ለካ፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ 14 ኢንቾች ፒናቸው በግማሽ ሚሊ ስለሚለያይ መዘውሮቹ አንድ መስመር ላይ አይቆሙም።